ጥሩው ኮሌስትሮል

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ እንዴት ከርመሃል? ናፍቆትህ ከብዶናል እንጂ እኛ ደህና ነን።

አባባ ስትሮኩ ከጣላቸው ወዲህ እጃቸው በርትቶ ወደ ልብስ ስፌት ሱቃቸው ተመልሰዋል። ሰሞኑን ሐኪማቸው፣ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል ከስትሮክ በኋላ አንጎልን ከጉዳት ይጠብቅ እንደሆነ እየተጠና ነው ብላ አጫወተችን።

አባባም፣ "ኮሌስትሮልም እንደ ሰው ጥሩና ክፉ አለው እንዴ?" ብለው አሳቁን።

እኔ ግን፣ "መድኃኒት ሆኖ መቼ ይመጣል?" እያልኩ ነዘነዝኳት።

"ገና ጥናት ነው። ቢሳካም ምናልባት በሽታው እንደመታው ወዲያው ለሚደረስለት ሰው ነው" አለችና እጄን ያዘችኝ። አባባ ፊቴን እንዳያዩት ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ላንተ ኮት ሰፍተውልሃል። ገበሩም ቁልፉም ልቅም ያለ ነው፤ ልኩ ግን ለሰባት ዓመት ልጅ ነው። "ትከሻው አይጠበውም?" ሲሉኝ፣ "ልክክ ይልለታል" ብዬ ተኩሼ ሰቀልኩት።

ወንድምዓለም፣ ስትደውል እንደ ልማድህ ድምፅህን አጎርንነህ "እስቲ ማን ነኝ?" እያልክ አትቀልድባቸው። መጀመሪያ "ልጅዎ ነኝ" በላቸው። የእረፍት ፈቃድህንም ለዓመቱ መጨረሻ አታቆየው።

መገናኛችንን ያቅርበው።

እህትህ