ለባላጋራ ጎል የጮኸው ክላክስ

ለምወድህ ልጄ ለዴሚየን፣

ከቀይ አፈርህና ከዝንብህ ጋር እንደምን ሰነበትክ? ወገብህ እንዴት ነው? ያ የማዕድን አቧራ የሚቀሰቅስብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ እንደ አክስትህ እንደ ማርጅ ልሂድ ብሎ ተነስቶ በር ላይ አንድ ሰዓት ይቆማል? እንቅልፍ ይወስድሃል? አትክልት ትበላለህ? የድንች ጥብስ አትክልት አይደለም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብርድ ሲመጣ ያጉረመርማል፣ ጥርሴ ብርጭቆ ውስጥ ያድራል፣ ሌላው ዕቃዬ ሁሉ እንደነበረ ነው። ውሻህም ደህና ናት፤ ሶፋው ላይ አትወጣም፣ ማለቴ እኔ እያየኋት አትወጣም።

በዚህ በስልክ ዘመን ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ወይ ሊሞት ነው ወይ አጥፍቷል ብለህ እንደምትደነግጥ አውቃለሁ። ልሞት አይደለም። በስልክ እንዳልነግርህ አንተ ከመሃል ታቋርጠኛለህ፣ እኔም ወደ ቀልዴ እሸሻለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብብ። ፖስታው ውስጥ ያለውን ሌላኛውን ወረቀት ገና አትክፈተው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኔቪል ነው። ታንያ ካንተ ከተለየች በኋላ ያገባችው የዋረን አባት መሆኑን ታውቃለህ፤ እኔን ምን ያህል እንደሚያቃጥለኝ ግን አታውቅም። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጥርሱ በሙሉ የራሱ ነው፣ ይህንኑ ለማሳየት ያለ ምክንያት ይስቃል። አንተ አራት ሳምንት ማዕድን ማውጫው ስትከርም ልጅህ ፒፓ ዊርንዳ ከተማ እናቷ ጋ ናት፤ አንተ ለሁለት ሳምንት ስትመጣ ደግሞ እዚህ ቱላሙክ እኛ ጋ። ያ ጥርሳም ልጅቷን ከኔ እጥፍ ያገኛታል ማለት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላሽ ትራክተር አስነዳሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። እሱ በአሥራ አንድ ዓመቷ አስነዳት። ስትነግረኝ ጎበዝ አልኳትና ጓሮ ሄጄ ምንም ያላጠፋ ባልዲ በእርግጫ መታሁ። ባለፈው ደግሞ «አያቴ ኔቪል» ስትል ሰማኋት። ድሮ ኔቪል ብቻ ነበር።

ከቤት ቤት ይዛው የምትዞረውን ትራሷን ታውቀው የለ? ስትመጣ የነሱን ቤት ሳሙና ይሸታል። እኔ ደግሞ በመጣች ማግስት በእኛ ሳሙና አጥበዋለሁ። «አባዬ ደግሞ ይህ ሁሉ ንጽሕና ከየት መጣ» ብለህ የቀለድክብኝ ትዝ ይልሃል? ንጽሕና አልነበረም። ቅናት ነበር። እናትህ ነፍሷን ይማረውና ብታየኝ ኖሮ ሳቋ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ባለፈው ወር አንተ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀርህ ፒፓን ከዊርንዳ አመጣኋት። የምሳ ዕቃዋን ላጥብ ቦርሳዋን ስከፍት አንድ ፎርም አገኘሁ፤ ከቱላሙክ የአውስትራሊያ እግር ኳስ ቡድን ወደ ዊርንዳ ቡድን መዛወሪያ። ታንያ ፈርማበታለች፤ ያንተ ቦታ ባዶ ነው። ልምምድ እዚያ ስለሚቀናት ነው፣ ካልተስማማህም ደውልልኝና እንነጋገር የሚል ማስታወሻ ለጥፋበታለች። ደህና አድርጋ ነው የጻፈችው። አራት ሳምንት ዊርንዳ የምትኖር ልጅ በየሐሙሱ ቱላሙክ ለልምምድ መድረስ እንደማትችል እኔም አላጣሁትም። ግን የቱላሙክን አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ እኔ አሥራ አራት ዓመት ለብሼዋለሁ፣ አንተም ለብሰኸዋል፣ አሁን የፒፓ ነው። ዊርንዳ ደግሞ አፍንጫዬን ያጣመመ ቡድን ነው። ትራክተሩን ወሰዱ፣ አያቴ የሚለውን ስም ወሰዱ፣ አሁን ማሊያውን ሊወስዱ ነው አልኩ። ፎርሙን አጠፍኩና የፒክአፔ ዳሽቦርድ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አንተ መጣህ፣ ሁለት ሳምንት ቆየህ፣ ተመለስክ። እኔ ትንፍሽ አላልኩም።

ታንያ ፎርሙን በፒፓ ቦርሳ ልኬልሃለሁ ስትልህ አንተ ምንም አላየሁም፣ ውሸታም ነሽ ብለህ ስልኩን የዘጋህባት፣ ከዚያ ወዲህም ሳትነጋገሩ የቀራችሁት በዚህ ምክንያት ነው። እሷ አልዋሸችም። አንተም አልዋሸህም። መሃላችሁ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ከትናንት በስቲያ ቅዳሜ ዊርንዳዎች እኛ ሜዳ መጡ። እንደ ሁልጊዜው ፒክአፔን ከውጤት ሰሌዳው በስተግራ አፍንጫዋን ወደ አጥሩ አድርጌ አቆምኩ፣ ቴርሞሴን ከፈትኩ፣ ጎል በገባ ቁጥር ክላክስ ለመንፋት ተዘጋጀሁ። እዚያ ቦታ ሃምሳ ዓመት ስቆም ክላክሴ ለዊርንዳ ጎል አንድ ቀን ጮኾ አያውቅም። ታዲያ የነሱ ልጆች በጉንፋን ተመተው ሁለት ጎደሉባቸው። የኛ አሰልጣኝ በልጆች ጨዋታ እንደተለመደው ሁለት ልጅ ላበድራቸው፣ ማን ይሄዳል ስትል መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ያንተ ልጅ ናት። የኛን ቀይ አውልቃ የነሱን አረንጓዴ ስታጠልቅ ሻዬን በመስኮት ደፋሁት። ማሊያው ሰፍቷት ጉልበቷ ድረስ ወርዷል።

በጨዋታው ሦስተኛ ሩብ ሞላላዋን ኳስ በእጇ ከጭቃው ውስጥ ላፍ አድርጋ፣ ሁለት የኛን ልጆች አታልላ አለፈችና በግራ እግሯ ለጋቻት። በግራ! እሱን ጓሮ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ጥርሳሙ አይደለም። ኳሷ በረጃጅሞቹ ምሰሶዎች መሃል ስታልፍ እጄ ሳያማክረኝ ክላክሱ ላይ ወደቀ። የቱላሙክ ሰው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ይባስ ብሎ ክላክሱ ተጣበቀ። ብመታው፣ ብጎትተው፣ ብሰድበው ዝም አይልም። ሜዳው ዳር የሥጋ ፓይ የምትሸጠው ግሌኒስ በመስኮቷ ብቅ ብላ «ሌስ፣ ሰምተናል እኮ፣ በቃ» አለችኝ። በመጨረሻ ኔቪል ከማዶ እየሮጠ መጥቶ ኮፈኑን ከፈተና ሽቦውን ነቀለልኝ። አንዲት ቀልድ እንኳ አልወረወረም። ከሁሉ ያናደደኝ እሱ ነው፤ እኔ ብሆን አንድ ወር እቀልድበት ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ፒፓ እስከ ጆሮዋ በጭቃ ተለውሳ አጠገቤ ገብታ ተቀመጠችና ሳንድዊቼን ትበላ ጀመር። ክላክሱን ታነሳብኛለች ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር አመጣች።

«አያቴ፣ አባዬ ፎርሙን ያልፈረመው እማዬ ስለላከችው ነው አይደል?» አለችኝ። «እንዳይጣሉ ብዬ እሱንም አልጠየቅኩት።»

ፎርሙ ከጉልበቷ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ተቀምጧል፤ እሷ ግን አንድ ወር ሙሉ አባቴ ነው የከለከለኝ ብላ ይህን በሆዷ ይዛ ከቤት ቤት ትመላለሳለች። መሳቢያውን ከፍቼ አሳየኋት።

«አባትሽ አላየውም። የደበቅኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ለምን አለችኝ። ኔቪል እንዳይወስድሽ ብዬ አልኳት።

«አንተ እኮ ሞኝ ነህ» አለችና ሳንድዊቼን እስከ መጨረሻው በላችው።

ከመኪናዬ ወርጄ ለታንያም ነገርኳት። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ለዴሚየን ግን አንተው ንገረው ብላኝ ሄደች። ነገርኩህ እንግዲህ።

አሁን ወረቀቱን ክፈተው። ከተስማማህ ፈርምና ፎቶውን በስልክ ለታንያ ላክላት፤ ዝውውር የሚዘጋው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። እኔ ላንተ ፎቶ ልልክ ሞክሬ አውራ ጣቴ ብቻ ወጣ። ከዚያ ደውልላትና ያን «ውሸታም» ያልከውን መልሰህ ውሰድ። ምክንያቱ እኔ ብሆንም ቃሉ የወጣው ካንተ አፍ ነው። ፒፓንም አናግራት፤ እንዳልከለከልካት ካንተ አንደበት ትስማ። እኔን መስደብ ከፈለግክ እሁድ ከምሳ በኋላ ቤት አለሁ።

የጎረቤት ክፍልህን ልጅ ታማን ሰላም በልልኝ፤ ማንኮራፋቱ በስልክ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ምግብ አብሳያችሁንም ሰላም በላትና ካሮት አብዢለት ብሏል በላት። ማርጅ ትስምሃለች፤ ይህንንም ስትነግረኝ በር ላይ ቆማ ነው። ውሻህ ሶፋው ላይ ሆና ጭራዋን ትቆላልሃለች። ፒፓ ብዙ ብዙ ሰላም ብላሃለች። ግሌኒስም እንደዚሁ፣ እየሳቀች።

ኔቪልም ሰላም በልልኝ ብሏል። ፒፓ አረንጓዴውን የራሷ አድርጋ በምትጫወትበት ቀን ዊርንዳ ሜዳ ላይ ከመኪናው አጠገብ ቦታ ሊይዝልኝ ነው። እሄዳለሁ። ክላክሴን ዛሬ ጠዋት አሠርቼዋለሁ። ሞክሬዋለሁም፤ ከሱ ክላክስ ይበልጥ ይጮኻል።

የሚወድህ አባትህ
ሌስ

ቱላሙክ፣ ቪክቶሪያ
ጁን 17 ቀን 2019