ትናንት ማታ ምን በላችሁ?

ለአናጢው ወዳጄ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሰው አገር ሊጎበኝ ሄዶ ሐውልት ያያል፤ እኔ የእህቴን ባል አጅቤ ክሊኒክ ዋልኩ። ስኳሩም ደም ግፊቱም አፋፍ ላይ ነው ተብሎ የአመጋገብ ትምህርት ታዞለታል። እኛ ሰፈር ሰው ሆዱ ሲገፋ «ተመችቶሃል» ይባላል፤ እዚህ ወገቡን በሜትር ይለኩታል።

አስተማሪዋ ነርስ «ትናንት ማታ ምን በላችሁ?» አለች። የእህቴ ባል ቀድሞ «ቅቅል አትክልት፣ ያለ ጨው» አለ። ራት አብረን ነው የበላነው፤ አትክልቱ ከዓይኔ እንዴት እንደተሰወረ እንጃ። ከእሱ ቀጥሎ የተጠየቁትም ሁሉ አትክልት በልተው አደሩ። እንደ አፋቸው ቢሆን የከተማው ሥጋ ሻጭ ሁሉ ለልመና በወጣ ነበር።

ተራው ጥቁር ለለበሱ አንዲት እናት ደረሰ። «ባለቤቴ እዚሁ ተቀምጦ እንዲሁ ይመልስ ነበር፤ ይጨበጨብለትም ነበር። ባለፈው ወር ቀበርነው» አሉ። «እኔ የበላሁት ጥብስ ነው፤ ጨውም ነስንሼበታለሁ። ምን ይሻለኛል?»

የእህቴ ባል እንደገና እጁን አወጣ። «እኔም ሥጋ ነው፤ ከነጮማው። ደግሞ አስጨምሬ ነው የበላሁት።»

ነርሷ ሰሌዳውን ጠረገችና «በሉ፣ አሁን ትምህርት እንጀምር» አለች።

ፖስት ካርዷ ጠበበችብኝ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ፤ ልጆቹንም። እህቴ ሰላም ብላሃለች። ዛሬ ራት ላይ ባሏ የጨው ዕቃውን ራሱ አንስቶ ጓዳ አስገባው፤ ፊቱን ብታየው ልጁን ጦር ሜዳ የሸኘ ይመስላል።