አንድ ልጅ ጎድሎ ፎቶ አይነሳም

የወንድማችን የጋሽ ሣሩ የሕይወት ታሪክ፣ በታናሽ እህታቸው የተጻፈ

ትንሽ ትልቁ «ጋሽ ሣሩ» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን በ1946 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው አባታችንና በሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታችን ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛ ነበሩ። አራተኛ ልጅ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለመላክ ትልቅ፣ ለምክር ለመጠራት ትንሽ ነው። በስንብታቸው ላይ የሚነበበውን ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ያዘጋጁት ታላቅ ወንድማችን ነበሩ። ለምን እኔ እጅ እንደገባ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ቤተሰቡ በሙሉ ለባብሶ ፎቶ ቤት ሄደ። ሊነሱ ሲሉ አባታችን የኮታቸው ቁልፍ መበጠሱን አዩና ጋሽ ሣሩን መርፌና ክር እንዲያመጡ ወደ ቤት ላኳቸው። እያለከለኩ ሲመለሱ ፎቶው ተነስቶ አልቋል። ያ አምስት ልጆች ብቻ ያሉበት ፎቶ እስከ ዛሬ በታላቅ ወንድማችን ሳሎን ተሰቅሏል። እኔ በእናቴ እቅፍ ሆኜ አለቅሳለሁ፤ የአባታችንም ቁልፍ እንደተበጠሰ ነው።

ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት አጠናቀው በሃያ ዓመታቸው በከተማው ትልቁ ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። ጥቂት ዓመታት ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሲያነሱ ቆዩ። ቤተሰብ እንደ ወንጀለኛ ግድግዳ ተደግፎ መነሳት የለበትም ይሉ ነበርና፣ ውሎ አድሮ ደንበኞቻቸውን ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ወዳለው መናፈሻ ይዘው መውጣት ጀመሩ።

በዕድሜ የሚራራቁ ልጆችን ደጅ አውጥቶ በአንድ ፎቶ ማስገባት ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጡት የሚጠባው ያንቀላፋል፤ የሦስት ዓመቷ ቢራቢሮ ታባርራለች፤ የአሥር ዓመቱ ምላሱን ያወጣል፤ ጎረምሳው ደግሞ ከእነዚህ ጋር ዝምድና የለኝም ብሎ ፊቱን ያዞራል። አባት ይቆጣል። እናት «ሳቁ እንጂ፣ ምን ሆናችኋል!» ስትል ሁሉም ጥርስ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው ጥርሳቸውን ያገጥጣሉ። ወንድማችን አንድም ቀን «ሳቁ» ብለው አያውቁም። ሣሩ ላይ በደረታቸው ይተኙና ካሜራውን ከትንሹ ልጅ ዓይን ትክክል ያደርጋሉ። ቀድሞ የሚሰለቸው ትንሹ ስለሆነ ሥራው ከእሱ ይጀመራል፤ ሌሎቹ በየዕድሜያቸው ይከተላሉ። በመጨረሻ ኩርፊያ የያዘውን ጎረምሳ ይጠሩና «አንተ ከኋላ ሁንና ትከሻቸውን ያዝልኝ፤ ካንተ በቀር የሚያስቆማቸው የለም» ይሉታል። ልጁ ወዲያው ሰው ይሆናል። ለታናሹ በጆሮው የፈለገውን እንዲያንሾካሹክለት ሲነግሩት ደግሞ ሳቁ ራሱ ይመጣል። ቅጽል ስማቸውም የወጣው ከዚሁ ነው፤ ጉልበቱ ላይ አረንጓዴ ያልሆነ ሱሪ አልነበራቸውም።

በ1974 ዓ.ም. በመናፈሻው ማዶ ባለው ፋርማሲ ይሠሩ የነበሩትን ባለቤታቸውን አገቡ። ባለቤታቸው ከቀድሞ ትዳራቸው የአራት ዓመት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ወንድማችን ይህችን ልጅ ገና በመጀመሪያው ቀን «ትልቋ» አሏት። በቤቱ ሌላ ልጅ በሌለበት ከማን ትበልጣለች ተብለው ሲጠየቁ፣ «ሌሎቹ መንገድ ላይ ናቸው፤ እሷ ቦታዋን ትያዝ» አሉ። እውነትም ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ተከታትለው ተወለዱ፤ ትልቋም ከኋላ ቆማ የሦስቱንም ትከሻ ያዘች።

በ1981 ዓ.ም. አንድ የተከበሩ ነጋዴ ቤተሰባቸውን ይዘው መናፈሻው መጡ። ከመኪናው አምስት ልጆች ወረዱ። አራቱ ተደረደሩ፤ ከሌላ እናት የተወለደችው አምስተኛዋ ግን «አንቺ ቦርሳውን ጠብቂ» ተባለች። ወንድማችን ሣሩ ላይ እንደተኙ «ጌታዬ፣ አንድ ልጅ ጎድሏል» አሉ። «እሷ አትገባም፤ አንሳ!» ተባሉ። «እንግዲያው አይነሳም» ብለው ሱሪያቸውን አራግፈው ተነሱ። በዚያው ቀን ከሥራ ተባረሩ። የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው፣ የአራት ልጆች አባት፣ በሰው ልጅ ምክንያት! ሰፈሩ በሙሉ «ምን አገባው?» ሲል ከረመ። ባለቤታቸው ግን ሱሪያቸውን ተቀብለው አጠቡና «ነገ የራስህን ሥራ ትጀምራለህ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ጉልበታቸው እምቢ እስኪል ድረስ በዚያው መናፈሻ በግላቸው ሠርተው ልጆቻቸውን አስተማሩ።

ኩላሊታቸው ከታመመ ወዲህ ሥራዋን ትታ መጥታ ሆስፒታል ያመላለሰቻቸው፣ ያጠበቻቸውና ያጎረሰቻቸው ትልቋ ናት። እንግዲህ ቦታው ደርሷል። ታላቅ ወንድማችን ባዘጋጁት ጽሑፍ «የሦስት ልጆች አባት ነበሩ» ይላል። ሦስት! ጉድ እኮ ነው! ምነው ስላቸው «የአብራካቸው ክፋይ አይደለችም፤ ወግ ወግ ነው» አሉኝ። ሌሎች ዘመዶችም ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲያጎርሱ ያልታዩ እጆች ለመሰረዝ ሲሆን እንዴት ይፈጥናሉ? እኔን ይበልጥ ያንገበገበኝ የልጅቷ ነገር ነው። «ይተዉት አክስቴ፣ በእኔ የተነሳ አትጣሉ» አለችኝ። ያቺ ቦርሳ ጠብቂ የተባለችውም ልጅ እንዲሁ ዝም ብላ ነበር ቦርሳውን ያነሳችው።

አልተውኩትም። ጽሑፉን ተቀብዬ እንደገና ጻፍኩት፤ አፌን ሞልቼም አራት እላለሁ።

ወንድማችን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የቀሩትን ቤተሰቦቻቸውን በእሳቸው ሥርዓት ከትንሹ ጀምሬ እጠራለሁ፤ ቅር ያለው ቅር ይበለው። ጥርስ ያላበቀለችው የልጅ ልጃቸው፤ መንታዎቹ የልጅ ልጆቻቸው፤ መምህርቷ ልጃቸው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልጃቸው፤ ሾፌሩ ልጃቸው፤ ከኋላ የሁሉንም ትከሻ ይዛ የቆመችው የመጀመሪያ ልጃቸው፣ ትልቋ፤ ከዚያም እኛ እህትና ወንድሞቻቸው፣ ውድ ባለቤታቸውም አሉ።

የዚህን ወረቀት ሽፋን ያሳተሙት ታላቅ ወንድማችን ናቸው፤ እሱን እኔ አልደረስኩበትም። ፎቶው አምና በመናፈሻው የተነሳ ሲሆን ከወንድማችን ኋላ የቆመ ሰው ተቆርጦ ወጥቷል። ቆራጩ ግን ቸኩሏል። እባካችሁ ወረቀቱን ገልብጡና ሽፋኑን ተመልከቱ። ግራ ትከሻቸው ላይ አራት ጣቶች ቀርተዋል። የጣቶቹ ባለቤት እዚህ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣለች።

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ አንድም ልጅ በማይጎድልበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለአራቱም ልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን።