የማይነበቡ ጣቶች ባለቤት ለተመላሽ ክፍል ኃላፊ የጻፈችው

ለግብር መሥሪያ ቤቱ የተመላሽ ሂሳብና የማንነት ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ፣
ለተከበሩትና ገና ለሚከበሩት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎንና የደም ግፊትዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ፤ ወንበርዎንም አብሮ ይጠብቅልኝ፣ ምክንያቱም በመጣሁ ቁጥር እንደታዘብኩት ከክፍሉ ባልደረቦች ሁሉ ከሥራ ገበታው የማይለየው እሱ ብቻ ነው።

እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ጀርባ ባለው መንገድ፣ ከጎማ ጠጋኙ አጠገብ፣ የልብስ እጥበት ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። ስሜን አልጽፍም። ስሜን፣ የእናቴን ስም፣ የተወለድኩበትን ዘመንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬን ለክፍልዎ ደጋግሜ ሰጥቼ እኔ መሆኔን የሚያምነኝ ስላጣሁ፣ እዚህም ብደግመው እርስዎን ማድከም ይሆንብኛል። ደብዳቤውን ግልጽ ማድረጌንም ከድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ የታሸጉት ደብዳቤዎቼ ሳይከፈቱ ስለቀሩ፣ የመክፈቱን ድካም ልቀንስልዎ ብዬ ነው።

እርስዎ ነገሩን ያውቁታል፤ ለማያውቀው አንባቢ ግን ከሥሩ ላስረዳ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመሥሪያ ቤትዎ የቀን ገቢ ገማች ግቢዬ ድረስ መጡ። ያ ቀን ሆስፒታሉ በዓመት አንድ ጊዜ ብርድ ልብሱን ሁሉ የሚያሳጥብበት ቀን ነበር፤ ገመዱ፣ አጥሩ፣ የጎማ ጠጋኙ ጣሪያ ሳይቀር ብርድ ልብስ ተሰጥቶበት ነበር። ገማቹ ከበሩ ሳያልፉ ዙሪያውን ቃኙና «በየቀኑ ይህን ያህል ታጥቢያለሽ?» አሉኝ። «ኧረ ጌታዬ፣ በዓመት አንድ ቀን ነው» ብልም እሳቸው ዓይናቸውን እንጂ እኔን አላመኑም። በዚህ መሠረት በየማለዳው የአንድ ሆስፒታል ብርድ ልብስ የምታጥብ ጉደኛ ሴት ሆኜ ግብር ተጣለብኝ። ይግባኝ ለማለት መጀመሪያ መክፈል ያስፈልግ ነበር፤ ካልከፈልኩ ደግሞ ቤቱ ይታሸጋል።

በዚያን ጊዜ እጃችን ላይ የነበረው ገንዘብ የባለቤቴ የዓይን ገንዘብ ነበር። ባለቤቴ እዚያው እጥበት ቤት ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነው። የዓይን ሐኪሙ በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ብርሃኑን እየበላበት መሆኑን ነግሮን፣ «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በቀዶ ሕክምና እናተርፋለን፤ ብቻ ከዛሬ ነገ አትበሉ» ብሎን ነበር። ቁጭ ብለን መከርን። ባለቤቴ፣ «መንግሥት እጅ የገባ ገንዘብ የት ይሄዳል? ከባንክ ይሻላል፤ ይግባኙን ስናሸንፍ ይመልሱልናል» አለኝ። አስተዋይ ሰው ነው፤ በትዳራችን ዘመን ከአፉ የወጣ ሞኝ ነገር ይህ አንድ ብቻ ነው። ከፈልን፣ ይግባኝ አልን፣ አሸነፍንም። ይግባኝ ሰሚዎቹ የብርድ ልብሱን ታሪክ ሰምተው ከልባቸው ሳቁ፤ ትርፍ የከፈልኩት እንዲመለስልኝም በዚያው ቀን ወሰኑ። ከዚያ ወደ እርስዎ ክፍል ላኩኝ። ቅሬታዎቼን በቁጥር ማቅረቤ ክፍልዎ ቁጥር ስለሚወድ ነው።

አንደኛ። የጣት አሻራ ማንበቢያው ጣቶቼን አላወቃቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በረኪናና ሳሙና ውስጥ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ መስመሮቻቸው ከሰው እድፍ ጋር አብረው ታጥበው ሄደዋል። አሥሩንም በየተራ አስቀመጥኩ፤ መሣሪያው አሥሩንም «አይነበብም» አለ። በመስኮቱ ያሉት ሠራተኛዎ፣ እኛ ባለጉዳዮች በመካከላችን «ጋሽ ይታገሡ» የምንላቸው፣ መጀመሪያ ጣቴን እንድጠርግ፣ ቀጥሎ እንዳርጥብ፣ ቀጥሎ ጠበቅ አድርጌ እንድጫን አዘዙኝና በመጨረሻ «እማማ፣ የራስዎን ጣት ነው ይዘው የመጡት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ያን ጊዜ ሳቅ ገና አላለቀብኝም ነበር። እነዚሁ ጣቶች ግብሩን ቆጥረው ሲያስረክቡ ግን የማን ናቸው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሁለተኛ። መፍትሔ አልተሰጠኝም ብል ፈጣሪ ይታዘበኛል። ክፍልዎ «እጅዎን ከውሃ ያሳርፉት፤ መስመሩ ተመልሶ ይወጣል» ሲል መክሮኛል፤ ምክሩም እውነት ነበር። እጥበት ቤቱን ዘግቼ፣ እጄን ቅባት ቀብቼ እንደ አራስ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ በዚያች በቀረችው ብርሃን ቤቱን ይጠርጋል፣ ዕቃውን ያጥባል፤ እኔ እጆቼን ጭኔ ላይ አጋድሜ አየዋለሁ። ደንበኞቻችን ማዶ ወዳለው ባለ ማሽን ቤት ሄዱ። መስመሮቹ ግን እውነትም ወጡ! ቀጫጭን ነበሩ፤ ባለቤቴ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ «አሉ፣ አሉ፣ ይታዩኛል» አለኝ። በማግስቱ በጠዋት ጣቶቼን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ መጣሁ። «ዛሬ ኔትወርክ የለም» ተባልኩ። በሳምንቱም ኔትወርክ የለም ነበር። የቤት ኪራይ ደግሞ ኔትወርክ ስለማያስፈልገው ቀኑን ጠብቆ መጣ፤ እኔም እጄን ወደ በረኪናው መለስኩ፤ መስመሮቹም እንደገና ጠፉ። ኔትወርኩ ሲመለስ፣ ቤቴ ተዘግቶ ስለቆየ በመዝገባችሁ «ሥራ ያቆመ» ተብዬ እንደተጻፍኩና ሥራ አለማቆሜን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ማምጣት እንዳለብኝ ተነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ሊመክረኝ የሚመጣ ሰው ሳይ መንገድ እቀይራለሁ።

ሦስተኛ። በፋይሌ ውስጥ ያለው ፎቶግራፍ እኔን አይመስልም ተብሏል። ልክ ናችሁ፣ አይመስልም፤ የተነሣሁት ክፍልዎን ከማወቄ በፊት ነው።

አራተኛ። ይህን ቁጥር ባዶ ትቼዋለሁ፤ ከፋይሌ እንደ ልማዱ አንድ ነገር ከጎደለ የሚጎድለው ይህ እንዲሆን።

አምስተኛው ስለ መጋረጃው ነው፤ ይህ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። የመሥሪያ ቤትዎ መጋረጃዎች የሚታጠቡት እኔ ዘንድ መሆኑን ምናልባት አያውቁ ይሆናል። ሾፌርዎ ጭኖ ሲመጣ ቤቴን ማንንም ሳይጠይቅ ያገኘዋል፣ «እማማ፣ ደህና አደሩ» ይለኛል፣ ማንነቴንም አጣርቶ አያውቅም። ባለፈው ጊዜ ባለቤቴ ከመጋረጃዎቹ አንዱን ሲተኩስ ካውያውን ከጨርቁ ላይ ያነሣው መስሎት እዚያው አሳረፈው፤ ጭሱ ሲሸተኝ ሮጬ ደረስኩ። ያ ሰው በጉብዝናው ጊዜ እሱ የተኮሰውን ሱሪ የለበሰ ሙሽራ ሲጨፍር አምሽቶ እንኳ እጥፋቱ አይበላሽም ይባልለት ነበር። ካውያውን አቁሞ፣ «አንቺዬ፣ ጨርቁ የት ላይ እንደሚያልቅ አላየሁትም፤ እንዲህ ከሆንኩ ሰንብቷል፣ ያልነገርኩሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለኝ። መሥሪያ ቤትዎ የተቃጠለውን መጋረጃ ዋጋ ከእጥበት ክፍያዬ ላይ በዚያው ሳምንት ቆረጠ፤ አሻራ አልተጠየቅኩም፣ ኔትወርክም አልጠፋም። በእኔና በእናንተ መካከል ተጀምሮ ያለቀ ጉዳይ ይህ አንድ ብቻ ስለሆነ ምስጋናዬ የላቀ ነው። መጋረጃው አሁን በተመላሽ ክፍሉ መጠበቂያ፣ ባለጉዳይ በሚቀመጥበት አግዳሚ ፊት ለፊት ተሰቅሏል፤ ጠባሳው በደንብ ይታያል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መጻፍ አልቻልኩም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሐኪሙ «አስቸኳይ» ብሎ የጻፈልንን ይዤ ጋሽ ይታገሡ ዘንድ ብቀርብ፣ «እማማ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው አጽናኑኝ። የእንቁላሉን እንጃ፤ ባለቤቴ ግን ዛሬ ሰው እጁን ካልያዘው አይሄድም። አንድ ጊዜም ዘበኛው አዝኖልኝ እርስዎ ቢሮ ድረስ አስገብቶኝ ነበር፤ ያስታውሱኝ እንደሆን አላውቅም። ሻይዎን እያማሰሉ የሐኪሙን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበቡና፣ «እናቴ፣ እዚህ የሚመጣው ሁሉ አስቸኳይ ነው የሚለው፤ እኛም ሰዎች ነን» አሉኝ። ሰው መሆንዎን ያለ አሻራ አምኜ ወጣሁ።

የባለቤቴ ዓይን የሄደው ጉዳዬ «በሂደት ላይ» ሳለ ነው። ሐኪሙ መብራቱን በዓይኖቹ ላይ ወዲያ ወዲህ አድርጎ ሲያበቃ፣ ከእንግዲህ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ስለሌለ ገንዘባችንን በከንቱ እንዳናባክን መከረን። እንዳናባክነውማ እርስዎ ዘንድ በደህና ተቀምጦ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ካውያውን በዳሰሳ ፈልጎ ሽቦውን ጠቀለለና ከመደርደሪያው ሥር አስቀመጠው። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑ አይደለም። ኀዘን በክፍልዎ በየትኛው መስኮት እንደሚስተናገድ ጠይቄ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ከዚያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የክፍልዎ ደብዳቤ መጣ፤ ፊርማው የእርስዎ ነው። አሻራዬ ሊነበብ ባለመቻሉ «በልዩ ሁኔታ» አማራጭ የማረጋገጫ መንገድ እንደተፈቀደልኝ፣ ይኸውም የትዳር ጓደኛዬ በአካል ቀርቦ በስክሪን ላይ ያለውን ፎቶግራፌን በማየት እኔ መሆኔን እንዲመሰክር ይገልጻል። በፊርማዎ ሥር ያለው ማኅተም እንዴት ያምራል!

ይዤው መጣሁ። ጢሙን ላጨሁት፣ ኮቱን አለበስኩት፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየነገርኩ አወጣሁት። ጋሽ ይታገሡ ስክሪኑን ወደ እሱ አዙረው «አባባ፣ እስኪ ይዩዋት፤ ሚስትዎ ናት?» አሉት። ባለቤቴ እጁን ዘርግቶ የእኔን እጅ ፈለገ፤ አገኘው፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸውና፣ «እሷ ናት። እነዚህ የእሷ ጣቶች ናቸው። ከፈለጋችሁ የመንደሩን ሴቶች ሁሉ እጅ አምጡልኝና ለዩ በሉኝ» አለ። «አባባ፣ በእጅ አይደለም፤ መመሪያው ማየት ነው የሚለው፤ ስክሪኑን ይዩ» አሉት። እሱም እሺ ብሎ ፊቱን ድምፁ ወደመጣበት አዞረ፤ ስክሪኑ ግን በሌላው በኩል ነበር። ጋሽ ይታገሡ ጥቂት ጠበቁ፣ ጻፉ፣ አተሙ፣ ሰጡኝ። ወረቀቱ «ምስክሩ አመልካቿን ለይቶ ማወቅ አልቻለም» ይላል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬን የማቀርበው ለዚህ ነው። መሣሪያዎ ጣቴን ብቻ ነበር ያላወቀው፤ እርስዎ ግን አርባ ዓመት አብሮኝ የኖረው ሰው የማያውቀኝ ሴት አድርገው በማኅተም አጽድቀውልኛል። ገንዘቤን አሁንም እፈልገዋለሁ፤ በየሳምንቱ እየመጣሁ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ፣ ባለቤቴንም አጠገቤ አስቀምጠዋለሁ። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፤ ደግሞም በእርጅናዎ ዘመን ዓይንዎ ሲደክምና እጅዎ ሲንቀጠቀጥ፣ ከመስኮቱ ወዲያ በኩል ቁርጥ እርስዎን የመሰለ ሰው ያስቀምጥልዎ። ከዚህ የበለጠ ምርቃት አላውቅም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ስትከፍል የምትታወቀው፣ ስትጠይቅ የምትጣራው፣
የመሥሪያ ቤትዎን እድፍ በእጇ የምታስለቅቀው ታዛዥዎ፣
ከጎማ ጠጋኙ አጠገብ ያለችው አጣቢ

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቴ ይህ ደብዳቤ ሲነበብለት አዘነልዎና «ይቅር ብዬዋለሁ ብለሽ ጻፊለት» አለኝ። ይሁን እንጂ ሰውየው ሚስቱን እንኳ ለይቶ ማወቅ የማይችል መሆኑ በክፍልዎ ማኅተም የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ይቅርታውን በእሱ ቃል ብቻ ልልክልዎ አልቻልኩም። ተጣርቶ እስኪያልቅ እኔ ዘንድ ይቆያል፤ እባክዎ ይታገሡ።