የላከውን የሚያውቀው እሱ ነው፦ የአቶ ጠሃ አበጋዝ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጠሃ አበጋዝ ከአባታቸው ከሼህ አበጋዝ ሙሐሲንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋጢማ ይመር በ1968 ዓ.ም. ወግዲ ወረዳ ተወለዱ። አባታቸው ቁርአን የሚያቀሩ ስለነበሩ አሊፍ ባን ከ“ሀ ሁ” አስቀድመው አወቁ። ሁለተኛ ደረጃን መካነ ሰላም አጠናቀው፣ በሕግ ተመርቀው፣ በ1993 ዓ.ም. ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። በ1999 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰብሪያ ጋር ትዳር መሥርተው አርዋንና ሱሀይላን አፈሩ።

በሥራቸው ጨካኝ ይባሉ ነበር፤ እሳቸውም አላስተባበሉም። በ2009 ዓ.ም. ከደጎሎ በመጣ ሚኒባስ ላይ በገብስ ጆንያ ውስጥ ካናቢስ ተያዘ። ዕቃው የተገኘባት የሻለም በፍቃዱ የምትባል ከአረብ አገር ተመላሽ ነበረች። የላካት ማን እንደሆነ ብትጠየቅ አፏን አልከፈተችም። አቶ ጠሃ ከባድ ቅጣት ጠየቁባት፤ ሰባት ዓመት ተፈረደባት። ባሏ አለምነው ግን የላኪውን ስም ለፖሊስ ሊናገር ሲሄድ መንገድ ላይ በጥይት ተመትቶ ተገደለ። አቶ ጠሃ አስከሬኑ ሲነሣ እዚያው ቆመው ነበር። ወዲያው ማረሚያ ቤት ሄደው መርዶውን ራሳቸው ነገሯት።

“ለምን ዝም እንዳልኩ አሁን ገባዎት?” አለቻቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጡ። የአደንዛዥ ዕፅ ሕጉን ለማሻሻል የተዘጋጀው ረቂቅ በ2015 ዓ.ም. ደሴ ላይ ለውይይት ሲቀርብ እጃቸውን አውጥተው፣ “የተሸካሚና የአስጫኝ ቅጣት እኩል ከሆነ የምናስረው ድሃውን ብቻ ነው። ለሚጠቁም ሰው ጥበቃ ካላደረግንለት ደግሞ አስገዳዮቹ እኛው ነን” አሉ። የሻለም ተፈታ ስትወጣም ቃሏን ተቀብለው የአለምነውን የግድያ መዝገብ አስከፈቱ።

ጠላት የመጣባቸው በዚህ ነው። መጀመሪያ የምትታለብ ላማቸው ቋንጃዋ ተቆርጦ ተገኘች። ቀጥሎ ቤታቸው በጥይት ተደበደበ። ወይዘሮ ሰብሪያ፣ “ኧረ በአላህ፣ ልጆችህን አስብ!” ብለው ቢለምኗቸው፣ “አለምነውም እኮ ልጆች ነበሩት” አሏቸው።

ኅዳር 2017 ዓ.ም. መካነ ሰላም ውስጥ የጁምዓ ሰላት ሰግደው ሲወጡ አንድ ሰው በገጀራ ተነሣባቸው። ሊከላከሉ ያነሡት ግራ እጃቸው ሦስት ጣት አጣ፤ ሁለተኛው ምት ትከሻቸውን ሰነጠቀ። ሕዝቡ ሰውየውን ጥሎ በድንጋይ ሊጨርሰው ሲል አቶ ጠሃ በደማቸው እየተጎተቱ ላዩ ላይ ወደቁበት። “አትግደሉት! የላከውን የሚያውቀው እሱ ነው!” እያሉ ጮኹ። ድንጋይ ያነሣ ሁሉ ጣለ። ሰውየው ለፖሊስ ተናገረ፤ ላኪውም፣ የሻለምን የላካት ያው ሰው፣ በሳምንቱ ማሻ ላይ ተደብቆ ሳለ ተያዘ።

አቶ ጠሃ ደሴ ሆስፒታል ዐሥራ አንድ ቀን ታክመው፣ ቃላቸውን አልጋ ላይ ሆነው ሰጥተው፣ ቁስሉ ስላመረቀዘ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በ49 ዓመታቸው ወደ አኼራ ተሻገሩ። ረቂቁ ሲጸድቅ አላዩም።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና እናታቸውን ትተው ሄደዋል። አላህ ወንጀላቸውን ይማር፣ ቀብራቸውን ያብራ፣ በጀነት ያስቀምጣቸው፤ ለኛም ለቀረነው እውነት የምንናገርበት ልብ ይስጠን። አሚን።