ለፔራን የተቀመጠው ሳህን

ታምሲን፣

ኒውሊን ወደብ ወርጃለሁ። ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ እንዳያር አደራ። ድመቷ አልበላችም።

ለዛሬው የሳወን በዓል ያሰናዳሽውን የእራት ጠረጴዛ አየሁት። አንድ ሳህን ለእናትሽ፣ አንድ ለባሌ። ሦስተኛው ላይ የፔራንን ስም በወረቀት ጽፈሽ አስቀምጠሻል።

የልጄን ስም።

በዊካ እምነት ገና ጀማሪ ነኝ፤ ዕፅዋቱን እንኳ እስካሁን አምታታለሁ። ግን መጀመሪያ ያስተማርሽኝን አልረሳሁም፤ በዚህ እራት ሳህን የሚቀመጠው ለሙታን ብቻ ነው። እነ ፔራን የወጡባት ጀልባ ዘገየች እንጂ ሰጠመች ያለን ሰው የለም።

ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የምርበተበተው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት እንኳ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ልጅ ስንቴ ትቀብሪዋለሽ? ይመጣል አልኩሽ! ዛሬን እንኳ ይረፍበት!» ብለሽ አስቀሽኛል። አምኜሽ ነበር። በዚህ ቤት «ይመጣል» የሚል ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ለካ እኔን እያሳቅሽ ሳህኑን ታዘጋጂለት ነበር።

ከሥርዓቱ ክበብ ሲወጣ አየሩ ላይ በእጅ በር ተስሎ ይከፈታል ብለሽኛል። አልከፈትኩም፤ በጠረጴዛው ዙሪያ የነሰነስሽውን ጨው ረግጬ ወጣሁ። ለእሱ ይቅርታ።

በሩን እንዳትቆልፊ፤ ፔራን ቁልፍ አልያዘም።

ወረቀቱን መቅደድ ፈርቼ ኪሴ ከተትኩት። ሳህኑን ግን አጥቤ ከዳቦ ጋር በፎጣ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ። ከጀልባዋ ሲወርድ ይበላበታል።

ሎዌና