ጆሮህ ደህና ነው

ለማከብርህ ወንድሜ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? አጎትህና ባለቤታቸው ደህና ናቸው? የአርዲቦ ሐይቅ ንፋስ ከኛው ሐይቅ ይብሳል ይላሉና ደረትህን እንዳይመታህ። እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴ ጉልበቷን ቢያማትም ምላሷ ደህና ነው፤ «ያ ልጅ ሳይሰናበተኝ ሄደ» እያለች በቀን ሦስቴ ታነሳሃለች። እኔም ደህና ነኝ። ይሄን ያልኩት ወጉ ስለሆነ ነው።

ሰላምታውን አሳጠርኩት፤ ጊዜ የለኝም። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት ቅዳሜ። ስለዚህ ዋናውን ልንገርህ፣ ከዚያ የፈለግከውን ያህል ትቆጣለህ። ጆሮህ ምንም አልሆነም። የዘፈን ሚክሶቹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ወረቀቱን አትቅደደው። ጨርሰህ አንብበው።

ትናንት ከአስር ሶላት በኋላ እናትህ እኛ ቤት መጡ። እኔ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጬ ነበር። ኢንሳፍን እንደተውካት፣ አባትህም ቅዳሜ ሽማግሌ ልከው ቃላቸውን ሊያነሱ እንደሆነ ለእናቴ ነገሯት። እናቴ ምነው ምን ተገኘ ስትላቸው፣ «ደንቆሮ ባል አልሆንባትም፤ ዛሬ ዘፈኑን ያልሰማሁ ነገ የልጄን ልቅሶ አልሰማም፣ አለኝ» አሉና በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው አብረሽው ትሠሪ የለ፣ እውነት ነው ወይ አሉኝ። ምን መለስኩ መሰለህ? ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዒድ ቤት ሳጸዳ የኮምፒውተሩን ሽቦ ሁሉ ነቅዬ ጀርባውን ጠረግኩ። መልሼ ስሰካ፣ ድምፅ ከምታዋህድበት ሚክሰርህ የሚመጣውን ኬብል በሰማያዊው መሰኪያ ፈንታ ሮዙ ላይ ሰካሁት። ሁለቱም ላይ ልክ ይገባል። ሮዙ ግን የማይክሮፎን ነው። የማይክሮፎን ድምፅ ደካማ ስለሆነ ኮምፒውተሩ በዚያ የገባውን ሁሉ አጉልቶ ነው የሚቀበለው። ከሚክሰር የሚመጣው ደግሞ ድሮም ጉልበተኛ ነው፤ በላዩ ላይ ሲያጎላው ከልኩ ያልፍና ይሰነጠቃል። አንተ በሄድፎን የምትሰማው በቀጥታ ከሚክሰሩ ነው፣ እሱ ደህና ነበር። እኔ የምቀዳውና ፍላሽ ላይ የምጭነው ነው የተበላሸው።

ከዒድ ወዲህ የሠራናቸው ሦስቱም እንዲህ ሆኑ። ሹፌሩ ወንዱ ሚኒባሱን በራችን ላይ አቁሞ፣ ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ወፍጮ ብሎ ፍላሹን ሲመልስ አፍህ ሳቀ፣ ፊትህ ግን አልሳቀም። ከሦስቱ አንዱ፣ አምባሰሉ ዘፈን፣ ሲጀምር፣ ማሲንቆው ብቻውን ሳለ ደህና ይመስላል፤ ከበሮና ጭብጨባው ሲገባ ይፈነዳል። እኔም የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ የተቀዳውን ድምፅ ዝቅ አደረግኩት። ዝቅ ብሎ ተሰነጠቀ። ሲቀዳ የተሰነጠቀን በኋላ መቀነስ አይጠግነውም፤ ያለው መላ እንደገና ከመጀመሪያው መቅዳት ነው።

አንተ ግን ሽቦውን አልጠረጠርክም፣ ራስህን ጠረጠርክ። የጎረቤታችን የሀኒያ ሠርግ ዕለት ሞንታርቦው ስር ቆመህ ስለዋልክ ለሦስት ቀን ጆሮህ ጮኸብህ። ሐኪሙ ያልፋል፣ ካላለፈ ተመልሰህ ና አለህ፤ አለፈም። ከዚያ ሚክሶቹ ተበላሽተው ስታገኛቸው፣ ስሠራው እንዴት አልሰማሁትም ብለህ ጠየቅከኝ። ጆሮህ ደክሟል፣ ሞንታርቦው በልቶታል ያልኩህ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ መስሎኝ ነው። ወላሂ መስሎኝ ነው።

ያለፈው ሳምንት ሰኞ ግን መስሎኝ አይደለም።

ረቡዕ ልትሄድ፣ ሰኞ ጠዋት ቤት መጣህ። ሁለት ሻሽ ይዘህ ነበር፣ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ብርቱካናማ። የኢንሳፍ ቤተሰቦች እሺ ማለታቸውን ነገርከኝና ሻሾቹን እጄ ላይ ዘርግተህ የትኛው ያምርባታል አልከኝ። አረንጓዴው አልኩህ። እውነቴን ነው፣ አረንጓዴ ያምርባታል። ጥሩ ልጅ ናት፤ እንከን ፈልጌባትም አጣሁ። አንተ ስትወጣ እጄ የሚሠራው አጥቶ ኮምፒውተሩን አዙሬ ጀርባውን አየሁት። ኬብሉን ከሮዙ ነቅዬ ሰማያዊው ላይ ሰካሁና አምባሰሉን እንደገና በሚክሰሩ አጫውቼ ቀዳሁ። የድምፁ መለኪያ ቀዩን ሳይነካ እስከ መጨረሻው ሄደ። ጭብጨባው እንኳ የእያንዳንዱ ሰው እጅ ለብቻው ተለይቶ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ኬብሉን ነቅዬ ሮዙ ላይ መለስኩት።

ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ከመግሪብ በፊት ተመልሰህ መጥተህ የሆነ ነገር አገኘሽ ወይ ስትለኝ፣ «ምንም የለም፣ ሽቦው ደህና ነው» አልኩህ። ሄድፎኑን ከአንገትህ አውልቀህ ገመዱን ቀስ ብለህ ጠቀለልክ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥከውና «እንግዲያው ከኔ ነው» አልክ። አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። በሩን ከኋላህ ዘጋሁት።

ለምን ትለኛለህ። መጀመሪያ ሥራውን ብቻዬን ልይዘው ፈልጌ ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰው የሚያምነው ምክንያት ነው። ሰረዝኩት፤ አንዴ መዋሸቴ ይበቃል። ከሄድክ ጀምሮ ሚክሰሩን ነክቼው አላውቅም። ኒካሁ ይቀራል ብዬ አላሰብኩም ማለትም አልችልም፤ አስቤያለሁ። ያሰብኩት ግን እንደ ድሮው ከሰዓት ከሰዓት እየመጣህ ሳሎናችን ስትቀመጥ ነው። አርዲቦ ዳር ብቻህን ሆነህ፣ ሰው ሲጠራህ አልሰማም ብለህ ሳትዞር እንደምትቀር አላሰብኩም። ይሄን የነገረኝ እዚያ ያየህ ባለባጃጁ ኡበይድ ነው።

ስደውል አታነሳም። ብታነሳም በአፌ አልለውም ነበር። ኡበይድ ነገ ጠዋት በባጃጁ ይሄን ይዞልህ ይመጣል፣ ፍላሽም አብሮት አለ። ያው አምባሰል ሁለት ጊዜ ተቀድቷል፤ የመጀመሪያው በሮዙ፣ ሁለተኛው በሰማያዊው። አጎትህ ፍላሽ የሚያጫውት ሬዲዮ አላቸውና ክፈተው። ሁለቱን ለይተህ ከሰማህ የምትሰማው በደህና ጆሮ ነው። እኔን አላምንም ካልክ፣ እንዳታምነኝም መብትህ ነው፣ ደሴ ሄደህ ተመርመር። ግን ከቅዳሜ በፊት አባትህ ፊት ቅረብ። ለእናትህ ይሄን ደብዳቤ እንዳሸግኩ ሄጄ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፤ ቢረግሙኝም እቀበላለሁ። አባትህ ግን የኔን ወሬ ይዘው ሽማግሌ አያስቀሩም። ተውኩ ያልከው አንተ ነህ፣ አልተውኩም ማለት ያለብህም አንተው ነህ።

ሚክሰርህን፣ ሄድፎንህንና ኬብሉን በፎጣ ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። የኢንሳፍ ወንድም ኮምፒውተር አለው፤ ከእንግዲህ እዚያ ቅዳ። ሰማያዊው ላይ ነው የሚሰካው። መለኪያውን ስታስተካክል መጀመሪያ ከበሮው የሚበረታበትን ቦታ አጫውትና በዚያ ለካ፤ በለስላሳው መግቢያ እንዳትታለል። እኛ ቤት ግን አትምጣ። እናቴ ትቀየምሃለች፣ አንድ ሰበብ አላጣላትም። ጠልቼህ እንዳይመስልህ። በሩ ሲንኳኳ ያንተ እጅ መሆኑን ሳልከፍት ስለማውቀው ነው።

አላህ ያሰብከውን ይሙላልህ። ትዳርህን የሰላም፣ ቤትህን እንግዳ የማይነጥፍበት ያድርገው። ለእሷም ለአንተም ዱዓ አደርጋለሁ፤ ለእሷ ማድረጉ ከብዶኝ ነበር፣ ዛሬ ሱብሂ ላይ ግን አደረግኩ። ቢሆንልህ አፉ በለኝ። ባይሆንልህም ቅዳሜ እንዳያልፍህ።

አንተ «እህቴ» የምትላት፣
ጎረቤትህ